ስለ ሸንበቆ ውሃ ጋጋኖዎች ዝምታ

ዝግባ ሚካኤል፣ ጥር 13 ቀን 1933 ዓ.ም.

ይድረስ በቡሬና በወጀት መካከል፣ በሸንበቆ ውሃ ረግረግ ዳር ለተሠራው ምሽግ አዛዥ፣ ለክቡር ካፒታኖ፤ ሳንጠራቸው ባሕር ተሻግረው ለደረሱልን፣ የረግረጋችን ሐኪም፣ የቢንቢ ሁሉ ድል አድራጊ፤ አገሬው በፍቅር ባወጣልዎ የፈረስ ስም፣ ለአባ በርሜል።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በቆላው ሙቀት ያብጥ ነበር የተባለው እግርዎ እንዴት ከርመዋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎን ለይቼ የጠየቅሁት ለወጉ ያህል አይደለም። በግንቦት ወር 1930 ዓ.ም. በአስተርጓሚዎ በአቶ ተስፋው አስጽፈው፣ ማኅተም አሳርፈው ለደብራችን የላኩት ወረቀት ዛሬም ከእኔ ዘንድ በክብር ተቀምጧል። በዚያ ወረቀት፣ በደብሩ ዛፎች ላይ የሚያድሩት ጋጋኖዎች ገና ጎሕ ሳይቀድ እየጮኹ እንቅልፍ እንደነሱዎት፣ አንድ የመንግሥት ሹም በወፍ ጩኸት ከአልጋው ሊነሣ እንደማይገባው፣ ስለዚህም ወፎቹን ዝም እንድናሰኝ፣ ካልሆነም ዛፎቹን እንድንቆርጥ አዝዘውን ነበር።

የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ይሄይስ በጊዜው የሰጡዎት መልስ አጭር ነበር። በዝግባ ሚካኤል ዛፍ ላይ ጎጆ የሠራ ወፍ የታቦቱ እንግዳ ነው፤ ድንጋይ የወረወረበት፣ እንቁላሉን የነካበት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይለያል፤ ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነውና እኛ ልናፈርሰው አንችልም፣ ብለው ጻፉልዎ። እርስዎም ደግ ሰው ስለሆኑ ነገሩን በትዕግሥት ተውት መሰለን።

ዛሬ እኔ የተሻለ መልስ ይዤ ቀርቤአለሁ። ክቡር ካፒታኖ፣ ጋጋኖዎቹ ዝም ብለዋል። ትእዛዝዎ ከነማኅተሙ ተፈጽሟል። ይህን ለማስታወቅ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስለዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እኔ ወልደ ገብርኤል እባላለሁ፤ የዝግባ ሚካኤል ቁም ጸሐፊ ነኝ። ብራና ፍቄ፣ ብዕር ቀርጬ፣ መዝሙረ ዳዊትና ተአምር እየጻፍሁ ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ። እጄ ቅዱስ ነገር መጻፍ የለመደ ስለሆነ ለእርስዎ ሲጽፍ ፊደሉን ቢያበላሽ አይፍረዱበት። ይህን ደብዳቤ በሦስት ቅጂ ጽፌዋለሁ። አንዱ በቡሬ ገበያ ዋርካ ላይ ይለጠፋል፣ አንዱ ከቅዳሴ በኋላ በገበዝ ማርያም ደጀ ሰላም ይነበባል፣ ሦስተኛው ለክቡርነትዎ ነው። አቶ ተስፋውን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲተረጉም እንዳያለሳልሰው። ያለውን እንዳለ ይንገርዎ።

አሁን በጨዋ ደንብ አቤቱታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ክቡርነትዎና የምሽጉ ሐኪም ወባን ከአገር ለማጥፋት ስላደረጋችሁት ድካም። አዋጁን አቶ ተስፋው በቡሬ ገበያ ሲያነብ እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ንዳድ የሚመጣው ከቢንቢ ነው፤ ቢንቢ የሚፈለፈለው ከረግረግ ነው፤ ስለዚህ መንግሥት በቸርነቱ ረግረጉን ያክማል ተባለ። በማግስቱ ካሚዮኖችዎ መጡ። በሞተር ውስጥ ተቃጥሎ የጠቆረውን ዘይት ከነጭ ጋዝ ጋር እያደባለቃችሁ በርሜል በበርሜል ላይ ደፋችሁበት፤ በዳር በዳሩ ደግሞ እጃቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ ወታደሮች አረንጓዴ ዱቄት በተኑበት። ያ ዱቄት የሚገድል መርዝ እንደሆነ ለወታደሮችዎ ነግራችኋል፤ እጃቸውን የጠቀለሉት ስለዚያ ነው። ለእኛ መንገሩን ረሳችሁት። ከብቶቻችን ከዚያው ውሃ ይጠጡ ነበር።

እውነት ለመናገር ቢንቢው ቀነሰ። ይህን አልክድም። እንቁራሪቱም ቀነሰ፤ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ዳር ዳሩን ተኝቶ አየነው። የውሃ ዳክዬዎች ላባቸው ተጣብቆ መብረር አቅቷቸው በደረታቸው እየተሳቡ ከሸንበቆው ወጡ። የምሽግዎ ወጥ ቤት ሹም እግዚአብሔር የላከለት ሲሳይ መስሎት በጆንያ ሰብስቦ እንደወሰዳቸውና በዚያው ሳምንት መኮንኖቹ ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው እንደተኙ ሰምተናል። ክቡርነትዎም በዚህ ምክንያት ጭቃ ሹማችንን ክንዱን አስጠርተው፣ ለምሽጉ በግብር ያስገባችሁትን ዶሮዎች መርዛችኋል በማለት አሥራ አምስት ቀን አሰሯቸው። ክንዱ ከእስር ወጥተው ሲነግሩን እጅግ ገርሟቸው ነበር። በሕይወታቸው ዶሮ መርዘው እንደማያውቁ፣ ቢያውቁ ኖሮ ግን በደስታ ያደርጉት እንደነበር ተናገሩ።

ሁለተኛ። ጋጋኖ ምን እንደሚበላ ሳይጠይቁን ስለመቅረትዎ። ክቡርነትዎ የሚያውቁት ድምፁን ብቻ ነው። ወፉ ጠቆር ያለ፣ ከጉሮሮው ሥር ቁራጭ ሥጋ የተንጠለጠለበት፣ መንቁሩ ረጅምና እንደ ማጭድ ወደ ታች የጎበጠ ነው። በዚያ መንቁሩ ቀኑን ሙሉ መስካችንን እየወጋ ትሉን ያወጣል። መቶ ጋጋኖ በአንድ ማሳ ሲያልፍ ገበሬ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ለገብሱ ሥር አይሰጋም። ባለፈው ክረምት የሚያልፍ ጋጋኖ አልነበረም። ትሉ ከሥር በላ፣ ተምቹ ከላይ በላ፣ የቀረውን ደግሞ ክቡርነትዎ ለፈረሶችዎ ወሰዱት። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የምለው የለኝም፤ ረኃብ ለእኛ አዲስ አይደለም።

ሦስተኛ። እስካሁን የጻፍሁት መንደርደሪያ ነው። ክቡርነትዎ ታግሰው እዚህ ከደረሱ ከዚህ በኋላ ያለውን ተቀምጠው ይስሙት፤ እኔ ቆሜ መጻፍ ስላልቻልሁ ተቀምጬ ነው የጻፍሁት።

ወለተ ሐና የምትባል ታላቅ እህት ነበረችኝ። ባልዋ ሞቶባት ከእኔ ጋር ትኖር ነበር፤ ቀለሜን የምታወጣልኝም እሷ ነበረች። ከድስትና ከኩራዝ ጥቀርሻ ትፍቅና ከተቆላ ገብስ ጋር ትፈጨዋለች፣ ሙጫ ታገባበታለች፣ ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ታማስለዋለች። በዚህ ሥራ ምክንያት ጣቶቿ ጥቁር ነበሩ። ጥቀርሻው ለዓመታት በቆዳዋ ስንጥቅ ስለገባ ቢታጠቡም አይነጹም ነበር፤ ለቁርባን ስትቀርብ እንኳ መምሬ ይሄይስ በጣቶቿ ይለዩዋት ነበር። ሌላም ሥራ ነበራት። ጫጩት ሲፈለፈል ወላጆቹ ቅርፊቱን ከጎጆ ይጥሉታል፤ እሷ በየጧቱ ከዛፎቹ ሥር እየለቀመች ታደቅልኛለች፣ እኔ ዱቄቱን በብራናው ላይ ነስንሼ ቅባቱን አስመጥጠዋለሁ። በእኔ እጅ የተጻፈ ዳዊት ሁሉ ከጋጋኖ ቅርፊት ቀምሷል።

እንዳለው የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። በመስከረም 1931 ዓ.ም. ዱር ከገቡት አርበኞች ጋር ሆኖ በረግረጉ በኩል ወደ ምሽግዎ ሊጠጋ ሞከረ። መቼም ምሽግዎን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። በሦስት በኩል እሾህ ሽቦና መትረየስ አለው፤ በረግረጉ በኩል ግን ገመድ እንኳ አልዘረጉበትም። አላስፈለገዎትም። ሸንበቆ ውስጥ ሰው ከረገጠ ከረግረጉ ዳር ባሉት የደብሩ ዛፎች ላይ አንድ ጋጋኖ ይጮሃል፤ አንዱ ከጮኸ ሁሉም ይጮሃሉ፤ ሁሉም ከጮኹ እንኳን የእርስዎ ዘበኛ የሞተም ይነቃል። ያን ዕለት ጧት ጮኹ። ዘበኛው ነቃ፣ መትረየሱ ተንጣጣ፣ እንዳለውና አንድ ጓደኛው እዚያው ሸንበቆው ውስጥ ቀሩ።

እህቴ ልጇን ቀብራ በሠልስቱ ወደ ዛፎቹ ሄደች። ሰው ሁሉ ድንጋይ ትወረውራለች ብሎ ተከትሏት ሲያይ፣ እሷ በርከክ ብላ እንደወትሮዋ መሬቱን ስታይ፣ የወደቀ ላባ ስታነሣ ቆየች። እኔ ተናድጄ፣ እነዚህ ልጅሽን ያስገደሉ ናቸው አልኋት። ወልዴ፣ ወፍ ምን ያውቃል፣ የሰማውን ጮኸ፤ የተኮሰው ሰው ነው፣ አለችኝ። ይህ ቃሏ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። በእሷ ቦታ እኔ ብሆን እንዲህ አልልም ነበር።

እንግዲህ በሚያዝያ ዘይቱን ደፋችሁ። በግንቦት ጋጋኖዎቹ እንቁላል ጣሉ። የሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ሰው ሁሉ ለንግሥ በተሰበሰበበት፣ ነፋስ ተነሥቶ ጎጆዎቹን ሲያነቃንቃቸው ከዛፎቹ ላይ እንቁላል ወረደ። ቅርፊት አይደለም፤ ያልተፈለፈለ ሙሉ እንቁላል። ሣሩ ላይ ወድቆ የተሰበረውን ስናየው ውስጡ ላባ ያወጣ የሞተ ጫጩት ነበር። ያልተሰበረውን ስናነሣው ደግሞ ነጩ ቅርፊት ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር ተልቅልቋል። ሦስት ጣት የነካው ይመስል ነበር።

ክቡር ካፒታኖ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት አገራችንን ማወቅ ያስፈልግዎታል፤ እርስዎ ደግሞ ለዚህ ጊዜ አልነበረዎትም። የታቦቱ ወፍ እንቁላል ተነክቷል ተብሎ ደወል ተደወለ፤ ደብሩ በሙሉ ለአውጫጭኝ ተቀመጠ። አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ሽማግሌም ሆነ ጎልማሳ ከሜዳው የማይነሣበት ሸንጎ ነው። ስሙ የማይገለጥ ምስጢረኛ ይመረጣል፤ እሱም ወፍ ይባላል። በሁለተኛው ቀን ወፍ ነገረን ተባለ። ወፉ የተናገረው እንዲህ ነው፤ በየጧቱ ከዛፎቹ ሥር የምትገኝ እሷ ናት፤ ልጇን በወፎቹ ጩኸት ያጣች እሷ ናት፤ ጣቷ የጠቆረ እሷ ናት።

ማንም በክፋት አልተናገረም። ያየውን የተናገረ ሰው ነው። ያን ጊዜ እኔ የሸንጎው ጸሐፊ ነበርሁ፤ ብራናው በጉልበቴ ላይ፣ የቀለም ቀንዱ ከጎኔ ነበር። ወለተ ሐና አልነካሁም ብላ ማለች። የሚያምናት ስታጣ አንዱን እንቁላል አንሥታ ወደ እኔ ዘረጋችው። ወልዴ፣ አንተ ቀለም ታውቃለህ፤ እስኪ አንዴ በምራቅህ ፈትገው ብላ በሰው ፊት ለመነችኝ። እውነቷን ነበር። የእሷ ቀለም በምራቅ ይለቃል፤ ስሳሳት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በምራቄ እየፈተግሁ አጥፍቼዋለሁ። እጄን ልዘረጋ ስል ጭቃ ሹም ክንዱ፣ ዘመድ በዘመዱ ነገር እጁን አያስገባም ብለው ገሠጹኝ። እኔም እጄን ሰበሰብሁ።

ይህን አንብበው ጥፋቱ የእኔም እንደሆነ ለማሳየት ቢፈልጉ አይድከሙ፤ እኔ ቀድሜዎታለሁ። በየቀኑ ከእንቅልፌ ስነሣ የማያት ያቺ የተዘረጋች እጅ ናት።

መምሬ ይሄይስ እያለቀሱ ገዘቷት። የግዝቱን ቃል የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የተጻፈበትን ቀለም ያማሰለችው እሷ ናት። በዚያው ቀን አንድ አገልግል ይዛ የአጎታችን ልጅ ወዳለበት ወደ ሽንዲ ሄደች። በነሐሴ ሞተች የሚል መልእክት መጣ። የተገዘተች ስለሆነች ፍትሐት አልተፈታላትም፤ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ፣ ዝናብ ላይ፣ አራት ሰው ቀበራት። እኔ ከአራቱ አንዱ አልነበርሁም።

አሁን ወደ ሰኔ 1932 ዓ.ም. እንለፍ። ወለተ ሐና ከሞተች ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቶታል። ከመቶ አርባ ጎጆ የቀረው አሥራ አንድ ነበር። ነፋስ ነፈሰ፣ እንቁላል ወረደ፣ እንቁላሉ ጥቁር ነው። በመቃብር ያለ ጣት እንዴት እንቁላል ይነካል? ያን ጊዜ በምራቄ ፈተግሁት። ጥቁሩ ተንሸራተተ እንጂ አልለቀቀም። አሸተትሁት። የካሚዮኖችዎ ሽታ ነበር።

ሽማግሌ ብሆንም ዛፉ ላይ ወጣሁ። ታቅፋ የተቀመጠች አንዲት ጋጋኖ ነበረች፤ ከመድከሟ የተነሣ ስጠጋት አልሸሸችም። ደረቷን ዳሰስሁት። ላባዋ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጠቁሯል፤ መዳፌ ቅባት ሆነ። ነገሩ ሁሉ ያኔ ገባኝ። ልትመገብ ረግረጉ ውስጥ ስትቆም ዓመት ቆይቶ እንኳ ከውሃው ያልጠፋውን ዘይት በደረቷ ትቀባለች፤ ተመልሳ እንቁላሏን ስትታቀፍ በእንቁላሉ ላይ ታሳርፈዋለች። እንቁላል በቅርፊቱ በኩል እንደሚተነፍስ እኔ መሃይሙ አላውቅም ነበር፤ የእርስዎ ሐኪም ግን የተማረ ሰው ነው። ቅባቱ ቅርፊቱን ይደፍነዋል፤ ጫጩቱ ውስጡ ታፍኖ ይሞታል። ምስኪኗ ወፍ ልጇን ባሞቀችው መጠን ገደለችው። ዱቄትዎ ደግሞ ትሉንና እንቁራሪቱን ስለመረዘው እሷም ብዙ አልቆየች። በሦስተኛው ቀን ከዛፉ ሥር አገኘኋት።

ሁለት እንቁላል ይዤ ደጀ ሰላም ቆምሁ። በአንደኛው ላይ ወለተ ሐና ትታልኝ ከሄደችው የመጨረሻ ቀለም ቀባሁበት፤ ሁለተኛው ከጎጆ የወረደው ነው። በሕዝቡ ፊት ሁለቱንም በምራቄ ፈተግሁ። አንደኛው ነጣ። ሁለተኛው እንደጠቆረ ቀረ። ጭቃ ሹም ክንዱ ነጠላቸውን አሸርጠው መሬት ተንበረከኩ። መምሬ ይሄይስ ግዝቱን ፈትተው በእግራቸው ሽንዲ ድረስ ሄዱ፤ ፍትሐቱን በመቃብሯ ላይ አደረሱ። በኅዳር አጽሟን አምጥተን ከዛፎቹ ሥር፣ ቅርፊት ትለቅምበት ከነበረው ቦታ አሳረፍናት። አሁን ግን ከላይዋ የሚወድቅ ቅርፊት የለም።

አራተኛ ብዬ ልጽፍ ያሰብሁት ሌሎች ብዙ ነገሮችን ነበር። ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ሸንበቆው መድረቅ፣ ወባ ጠፋልኝ ብለው ስላስቆሙት የድንጋይ ሐውልት። ትቼዋለሁ። ከሦስተኛው በኋላ የሚጻፍ ነገር የለኝም።

ስለዚህ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። ረግረጋችንን ስላከሙልን አመሰግናለሁ። እኛ እርስ በርሳችን ስንፋረድ፣ የገዛ እህቴን በገዛ እጄ ሳስገዝት፣ ጥቂት ራቅ ብለው በሰላም ስለተኙ አመሰግናለሁ። ጠላት ማለት ጠመንጃ የያዘ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ባዶ በርሜል እየገለበጠ፣ መልካም ሥራ እየሠራ መስሎት የሚያፏጭም እንዳለ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ሐኪምዎ ምናልባት አላወቅሁም ይል ይሆናል። አውቃችሁም ቢሆን ሳታውቁም ቢሆን ለእኔ አንድ ነው። ወፎቹ እንዳለውን ያስገደሉት ሳያውቁ ነው፤ እህቴ ማረቻቸው። እኔ ግን እንደ እህቴ አይደለሁም። ክቡር ካፒታኖ፣ ለሹመትዎ በሚገባው አክብሮት ሁሉ እጠላዎታለሁ።

ካሳ አልጠይቅም። ይቅርታም አልጠይቅም፤ ቢልኩልኝ እመልሰዋለሁ። ደብዳቤውን አንብበው ደብራችንን ለማቃጠል ካሰቡ ግን መንገድ እንዳይባክንብዎ ልንገርዎ። ታቦቱ ወጥቷል። ሰዉ ከብቱን እየነዳ ወደ ገበዝ ማርያም ደጋ ከወጣ ሳምንት ሆኖታል። የቀረው የሣር ጣሪያ ነው፤ ክብሪት ይበቃዋል፣ ዘይት አያባክኑበት። የእኔን ቤት በሩ ላይ ባለው የቀለም ማድጋ ይለዩታል፤ ባዶ ነው፣ የሚያማስለው የለም።

እድሜዎ እኔ እስክደርስ ድረስ ይርዘም። ዓይንዎ ጨለማን ለመመልከት፣ ጆሮዎ ዝምታን ለማዳመጥ ይበርታ። በሚያስፈልገኝ ትሕትና ሁሉ ዝቅ ብዬ፣ ዝቅ ማለቴም ከሸንበቆ ቁመት በታች መሆኑን እያረጋገጥሁ፣ እጅ እነሣለሁ።

የወለተ ሐና ወንድም፣ የእንዳለው አጎት፣
ቁም ጸሐፊ ወልደ ገብርኤል
ዘደብረ ዝግባ ሚካኤል

ማስታወሻ። ይህ ቁራጭ በዋርካውም በደጀ ሰላሙም ቅጂ ላይ የለም፤ ለእርስዎ ብቻ፣ እዚሁ መስኮትዎ ሥር ተቀምጬ በጨረቃ ብርሃን የጻፍሁት ነው። ደብዳቤውን የት እንዳገኙት ልብ ይበሉ። ከበር ዘበኛ እጅ አልተቀበሉትም፤ ከመኝታ ክፍልዎ መስኮት ደፍ ላይ፣ ከጢም መላጫዎ ሥር አነሡት። ያስቀመጥሁት እኔው ነኝ። በረግረጉ በኩል መጣሁ። ስድሳ ዓመት የሞላኝ፣ ጉልበቴን የሚያመኝ ሰው ነኝ፤ ሸንበቆውን እየሰበርሁ፣ ሁለት ጊዜ እየወደቅሁ፣ አንድ ጊዜም ሳላስበው እያስነጠስሁ ነው የደረስሁት። የጮኸ የለም። ዘበኛዎ ቁጭ ብሎ እንቅልፉን ይተኛ ነበር። እርስዎም በጀርባዎ ተኝተው ያንኮራፉ ነበር፤ ከደብሩ ሰው ሁሉ ለእርስዎ እንቅልፍ የተጨነቅሁ እኔ ስለሆንሁ አልቀሰቀስሁዎትም። ያኔውኑ ልጨርስዎት እችል ነበር። ነገር ግን ተኝቶ የሞተ ሰው ምኑን ይቀጣል? ከዛሬ ጀምሮ ነቅተው እንዲያድሩ፣ ያባረሩትን ጩኸት በጆሮዎ እየፈለጉ እንዲያነጉ እፈልጋለሁ። ሽቦ ቢዘረጉ ሽቦ አይጮህም።

ከደብዳቤው አጠገብ አንድ እንቁላል ትቼልዎታለሁ። በሸንበቆ ውሃ ከተጣሉት የመጨረሻው ነው። እባክዎን በምራቅዎ ይፈትጉት። ጥቁሩ ከለቀቀ የእህቴ ቀለም ነው፤ እኔም በደለኛ ነኝና ዳግመኛ አልመጣብዎትም። ካልለቀቀ ግን መንገዱን አውቀነዋል።